የአዛዧ ጭንቅላት

ሰው «አሻንጉሊት» ሲላቸው ደሜ ይፈላል። አሻንጉሊት ማለት ልጅ ሲያለቅስ ተሰጥቶት ዝም የሚልበት ነገር ነው። የእኔዎቹ ከአንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም የወጡ ምስሎች ናቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸው ሳይቀር ይታጠፋል፣ የዐይናቸው ብሌን በቀጭን ብሩሽ የተነካ ነው፣ ካፖርታቸውም እውነተኛ ጨርቅ ነው። እኔ ደግሞ ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የሞባይል ዕቃ ሱቄ ቁጭ ብዬ እነሱን እያገላበጥኩ በአማርኛ የምገመግም ሴት ነኝ። ቀለሙ ከመስመር ወጥቷል ወይ፣ ትከሻው ይላላል ወይ፣ በአንድ እግሩ ይቆማል ወይ፣ ፊቱ ፊልሙ ላይ ያለውን ሰው ይመስላል ወይ፤ ይህን ሁሉ በቪዲዮ አወራለሁ። ሥራ ፈት በሉኝ። እናቴም ትለኛለች።

ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ድምፁ የእኔ ነበር፣ እጁ የጓደኛዬ። ጓደኛዬ የመርሳ ልጅ ናት፤ ወልድያ ለትምህርት መጥታ አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጥን ጀምሮ ሰው እህትማማች ናችሁ ወይ እያለ ይጠይቀን ነበር። ቪዲዮ ስንሠራ እኔ ስልኩን ይዤ ከኋላ አወራለሁ፣ የሚታየው የእሷ እጅ ብቻ ነው። ሒና የተቀባ፣ ረጋ ያለ እጅ አላት። ከምስሎቹ የአንዱን ሮቦት ጉልበት ቀስ አድርጋ ስታጥፈው ለማያውቅ ሰው እንኳ ደስ ይላል። ከአዲስ አበባም ከኮምቦልቻም «የሒናዋ ልጅ በርቺ» እያሉ ይጽፉልን ነበር። ስለ እኔ ድምፅ አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ፊልሙን ያየነው መርሳ ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እነሱ ቤት ሄጄ እሰነብት ነበር። እናቷ አጥባቂ ናቸው፤ ቴሌቪዥን ቤታቸው አይገባም፣ ግድግዳቸው ላይ የሰው ፎቶ እንኳ የለም። እኔ ስሄድ ግን ዶሮዋን ለክርስቲያን ጎረቤት ሰጥተው ያሳርዱልኛል፣ ድስቱንም ለይተው ያስቀምጡልኛል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ጎረቤታቸው ዲሽ ስለነበረው ሁለታችን እዚያ ሄደን ማንጎ እየመጠጥን ጠፈር እናያለን። ፊልሙ በዐረብኛ ነው የሚያወራው። ጓደኛዬ ቁርአን ቤት የተማረችውን ዐረብኛ ይዛ ለእኔ ትተረጉማለች።

በኋላ ስልኬ ላይ ከጽሑፍ ጋር አግኝቼ ሳየው፣ ለካ ግማሹን ታሪክ ከራሷ ነው የፈጠረችው! የጠፈር መርከቧ አዛዥ ሴት ናት፤ ከመካኒኳ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። መካኒኩ አሳልፎ ይሰጣታል። ጓደኛዬ እንደተረጎመችልኝ ከሆነ አዛዧ አቅፋው፣ አልቅሳ፣ ይቅር ብላዋለች። እኔም አልቅሻለሁ። እውነተኛው ፊልም ላይ ግን ምንም ሳትናገር ባዶ ጨረቃ ላይ አውርዳው መርከቧን አስነስታ ትሄዳለች። ይህን ባየሁ ቀን ደውዬላት «አንቺ ቀጣፊ!» ብዬ ስስቅ፣ «ምን ላድርግ፣ አሳዘነኝ» አለችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ምስሎቹን የምትልክልኝ ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ነበረች። የአሠሪዎቿ ልጆች ይገዛላቸዋል፣ በማግሥቱ ይሰለቻቸዋል። እሷ የተጣለውን ለምና ትወስዳለች፣ በሳሙና ታጥባለች፣ በልብስ ጠቅልላ ወደ አገር በሚገቡ ሴቶች እጅ ትልካለች። አዛዧን ብቻ ከራሷ ደመወዝ ነው የገዛቻት፤ ከነማሸጊያዋ። «ሱቅ ውስጥ ሳያት ግንባሯን ቋጥራ ቆማለች፤ አንቺን መሰለችኝና ትቻት መውጣት አቃተኝ» ብላ በድምፅ ላከችልኝ። እውነትም ግንባሯን ቋጥራለች። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በፋብሪካ ስሕተት ይሁን አውቀው ይሁን እንጃ። ስለዚች ቅንድብ ብቻ ሙሉ ቪዲዮ ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ልጆች አደጉ፣ እህቴም ሌላ ቤት ገባች፣ መላኩ በዚያው ቆመ። ስለዚህ የነበረኝ ያው የነበረኝ ነው፤ ቢጠፋ የሚተካው የለም።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ሰው ልጁን አዝሎ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ፣ እኔ ካርቶን ታቅፌ ወጣሁ። እናቴ ቀድማ ደሴ ዘመድ ጋ ገብታ ነበር፤ ያን ካርቶን ብታይ ኖሮ መንገድ ላይ ትገድለኝ ነበር። ጓደኛዬና እኔ መርሳ ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፣ እስከ ውርጌሳ በእግር ነው። እናቷን እንሂድ ብንላቸው «እኔ የትም አልሄድም፤ አላህ ያለው እዚህም ያገኘኛል» አሉ። ካርቶኑን አየት አደረጉና «እሱን እኔ ጋ አድርጊው» አሉኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቁም። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «አማና ነው» አሉ፤ አደራ ማለታቸው ነው። መርሳ ላይ አንድ ሰው አማና ካለ ወዲያ ምን ይባላል? ልቤ ሞልቶ ሄድኩ።

መንገዱ ሲከፈት ጓደኛዬ ቀድማኝ ተመለሰች፤ የእናቷ ነገር እንቅልፍ አሳጥቷት ነበር። እኔ ገና ደሴ ሳለሁ ደወለችልኝ። እናቷ ደኅና ናቸው። ቤቱም ቆሟል። «ካርቶኔስ?» አልኳት። «ካርቶንሽ የለም» አለችኝ። «ታጣቂዎች ቤቱን ሲፈትሹ ይዘውት ሄዱ። አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ።» ከዚያም «እማ ፊት እንዳታነሺው አደራ፤ የሰው አማና ጠፋብኝ ብላ በሐፍረት ልትሞት ነው» አለችኝ። እኔ ሞኟ እሺ አልኩ። ሰው ልጁን በቀበረበት አገር ለፕላስቲክ እንዴት ይለቀሳል ብዬ አፈርኩ፤ ግን አለቀስኩ። የወሰደውን ሰው፣ መልኩን የማላውቀውን ሰው፣ ስንት ጊዜ ረገምኩት! ለእህቴ ስነግራት እሷም ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ወልድያ ስገባ የአዛዧ ባዶ ማሸጊያ ቤት ቀርቶ አገኘሁት። እሱን ይዘን ቪዲዮ ሠራን፤ ሒና የተቀባው እጅ ባዶውን ሳጥን እያገላበጠ፣ እኔ ከኋላ ስለ እያንዳንዳቸው እየተረክሁ። እህቴ እንዴት እንዳጠበቻቸው፣ የሮቦቱ ቀኝ እጅ እንዴት ሲጢጥ እንደሚል፣ ያቺን ቅንድብ። መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ረጋ ያለው የጓደኛዬ እጅ ሳጥኑን ሲለቀው በስልኩ መስታወት አየሁት። ለእኔ አዝና መሰለኝ። ከሠራነው ሁሉ ሰው የወደደልን ያንን ነው፤ እስከ ዛሬም «ያን ጊዜ አብረን አለቀስን» የሚሉኝ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች የራሳቸውን እየላኩልን እሱን ስንገመግም ኖርን። መርሳ መሄዱንም አልተውኩም። እናቷ ግን እኔን ሲያዩ የሚያደርጉትን ያጡ ነበር። አቅፈው አይለቁኝም፤ ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ብርቱካኑ በፌስታል ይጫንልኛል። «አንቺ ልበ ሰፊ ነሽ፣ አላህ ያስፋልሽ» ይሉኛል። ምን ሠርቼ እያልኩ ስገረም ጓደኛዬ ጣልቃ ትገባና «እማ፣ ተያት፣ መኪና ያመልጣታል» ትላለች። ዕቃው ስለጠፋባቸው አዝነው ነው ብዬ እኔም እጃቸውን ስሜ እወጣለሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ይጃጃላል? እንደ እኔ የምስል አንገት የሚመረምር ሰው የጓደኛውን ፊት አያይም?

ዘንድሮ እናቷ ሐጅ ሊሄዱ ሆነ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሣ በፊት የሰው አማና ይመልሳል፣ ያስቀየመውን እየዞረ አውፍ በሉኝ ይላል፣ ማለትም ይቅርታ ይጠይቃል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እና አንድ ጠዋት ሱቄ ሳለሁ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ፤ በልጃቸው በኩል አይደለም። «ልጄ፣ ሳልሄድ አማናሽን ነይ ውሰጂ» አሉኝ። የምን አማና? ጃንጥላ ረስቼ ይሆናል አልኩ። ለጓደኛዬ ልነግራት ብደውል አልተነሣም። ሱቄን ዘጋሁና ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከግራና ሳይቀር ዱዓ አድርጊልን የሚል ዘመድ መጥቷል። እናቷ እኔን ሲያዩ ተነሡና ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትተው አወጡ። የእኔ ካርቶን። ወልድያ ላይ እየተጣደፍኩ የለጠፍኩት ቡናማ ፕላስተር አሁንም ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከካርቶኑ አጠገብ ደግሞ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ጊዜ ብቻዬን ስቀር፣ ቤት ለቤት ይፈተሻል ሲባል፣ መዘዝ ያመጣብኝ ይሆን ብዬ ከፈትኩት። ብከፍተው ሰው! ትንንሽ ሰው ሁሉ ዐይኑን አፍጥጦ ያየኛል! አጃኢብ አልኩ። ቀን ከሌት ዱዓ ላይ ነኝ፣ ከአላህ በቀር ማን ነበረኝ? የሰው ምስል ባለበት ቤት ደግሞ መላኢካ አይገባም። እንዳልጥለው አማና ነው። እንዳላወጣው ክረምት ነው፣ ይበሰብስብሻል። ሲጨንቀኝ ሸኹ ጋ ሄድኩ። 'ጭንቅላቱ ከተለየ ምስል መሆኑ ይቀራል፤ አማናሽንም ጠብቂ' አሉኝ። ቢስሚላሂ ብዬ በሽንኩርት ቢላዋ ቆረጥኩት። አንድም አልጠፋ። አካላቸው ይኸው፣ ጭንቅላታቸው ይኸው። ቆርቆሮውን ጓሮ ቀብሬው ነበር።»

ፈታሾቹ መጥተው ነበር ወይ አልኳቸው። መጥተዋል አሉ፤ ካርቶኑን ከፍተው አንገት የሌለው ፕላስቲክ ሲያዩ ስቀው ትተውት ሄደዋል። ያን ሁሉ ዓመት የረገምኳቸው ሰዎች እጃቸውን አላሳረፉበትም!

«ልጄ ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት» አሉ። «ሂጂና አውፍ በይኝ ብላለች በያት አልኳት። ሄዳ መጣችና 'አውፍ ብላሻለች እማ፤ ምንም አልከፋትም። ዕቃው አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ ብላለች። ደግመሽ ግን አታንሺባት' አለችኝ። እኔም አፌን ይዤ ኖርኩ። አሁን ግን የምሄድበት ቤት ትልቅ ነው። ከራስሽ አፍ ሳልሰማ መሄድ ፈራሁ። አውፍ ብለሽኛል አይደል፣ ልጄ?»

ጓደኛዬ በር ላይ ቆማለች። የተቆረጠ ፓፓያ በትሪ ይዛለች። መቼ እንደገባች አላየኋትም። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን ብቻ ታየኛለች፣ ዐይኗ ይለምነኛል። እንግዲህ ዘረፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ባዶውን ሳጥን ስታገላብጥ ካርቶኑ እዚህ አልጋ ሥር ነበር። እኔ ስንሰቀሰቅ፣ እህቴ በስልክ ስትንሰቀሰቅ፣ እሷ አብሽሪ ስትለኝ፣ እዚህ ነበር። ደግሞ ይቅርታዬን! ያልጠየቀችኝን ይቅርታ በእኔ ስም ሰጠች፤ ምርቃቱን ሁሉ እኔ ሳላውቀው ስቀበል ኖሬአለሁ። እንደ ፊልሙ ነው ያደረገችኝ፤ እሷ እንዳሳዘናት ተረጎመችኝ።

ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ዛሬ ገና መስማቴ ነው» ብል በቃ፣ አራት ቃል ነው። ግን እኚህ ሴትዮ እጄን ይዘዋል። ልጃቸው ዋሽታ እንዳኖረቻቸው እያወቁ፣ ያን ሸክም ይዘው ካዕባ ፊት ሊቆሙ ነው? ቢላዋውን ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ግን እሳቸው አማናዬን ጠበቁ፣ ይቅርታም ላኩ። ያጎደሉት ነገር የለም። ስለዚህ «አውፍ ብያለሁ፣ እማማ። ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም ብያለሁ። በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ» አልኩ። አለቀሱ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም አለቀስኩ፤ እሳቸው በደስታ መሰላቸው።

ጓደኛዬ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ካርቶኑን ልያዝልሽ አለች፤ አልሰጠኋትም። «ስለ እማ ክፉ እንዳታስቢ ፈርቼ ነው» አለች። «ስለ ሃይማኖታችንም… 'እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው' እንዳትይ።» ይሄ ነው አንጀቴን የቆረጠኝ። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ለብቻ የተጣደ ድስት፣ ያ ሁሉ ዓመት አብሮ መኖር፣ እና እኔን እንዲህ ያለች ሰው አድርጋ ነው የምታስበኝ? ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት አኮርፍ ነበር። ጮኼ፣ ተሳድቤ፣ ከዚያ ተቃቅፈን እንስቅ ነበር፤ አንገት የሌለውን ሮቦት ይዘን ግምገማ እንሠራ ነበር። እሷ ግን ሌባ ፈጥራ ሰጠችኝ፣ እኔም አምኜ ረገምኩት።

ሚኒባሱ ሲቆም እጄን ያዘችኝና «እኔንስ? እኔንስ አውፍ አትይኝም?» አለችኝ። «ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት። «ራስሽ በይው እንጂ፤ በእኔ ስም ማለት ለምደሽዋል።» ረዳቱ ግቢ ግቢ ይላል። ገባሁ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ፣ ቆርቆሮውን ከላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቆርቆሮው ይንኳኳል። አጠገቤ የተቀመጡት አባት «ምንድን ነው ልጄ፣ ጠጠር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እውነትም አንድም አልጎደለም። የአዛዧን ጭንቅላት ከቆርቆሮው ፈልጌ አገኘሁት፤ አፈር ቅንድቧ ውስጥ ገብቷል። እህቴ እንደምታደርገው በሳሙና አጠብኳት። አንገቷ ላይ ባስቀምጣት አልቆም አለች፤ ቢላዋው ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ነው የቆረጠው። በማጣበቂያ ቢያያዝ ይያዛል፣ ግን ከዚያ ወዲያ ዞራ አታይም። ሳላጣብቃት ተውኳት።

ባለፈው ሳምንት ቪዲዮ ሠራሁ፤ ድምፁም እጁም የእኔ ነው። በአንዱ እጄ አካሏን፣ በሌላው ጭንቅላቷን ይዤ እንደ ወትሮው ገመገምኳት። ካፖርቷ ንጹሕ ነው፣ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ቅንድቧ ያው ነው አልኩ። እንዴት እንደተገኙ አልተናገርኩም፤ መርሳ ላይ የሚያዩኝ አሉ፣ ለእማማ ይደርሳቸዋል። ሰዉ ግን ስለ አዛዧ ከመጠየቁ በፊት የጠየቀው ሌላ ነው። «የሒናዋ ልጅ የት አለች?» ይላሉ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበሉ። ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁና እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፋለች፤ እኔ የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው።»